ብሉቤሪን በቦንጋ መሞከር፦ ከ24 ባልዲ የሚጀምር መመሪያ

በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል። ስንዴና ገብስ የሚዘራ ገበሬ ይህን አሲድ ለማርከስ ኖራ ይበትናል። ብሉቤሪ ግን ሌላው ሰብል የሚሸሸውን አሲዳማ አፈር ይፈልጋል። ከቦንጋ ብዙም በማይርቀው ውሽውሽ ሰፊ የሻይ ልማት አለ፤ ሻይም አሲዳማ አፈር ካላገኘ አይሆንለትም። ዝናቡም ቦንጋ በምትገኝበት በካፋ አይታማም። ስለዚህ አንድ የቦንጋ ሰው «ይህ ፍሬ ለእኛ አፈር ነው የተፈጠረው» ቢል አይፈረድበትም።

አፈሩ ግን የመልሱ ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ በሌሊቱ ብርድ፣ በሥሩ ዙሪያ ባለው አየር፣ በውሃውና ከሁሉም በላይ በዝርያው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህን ደግሞ ከሌላ አገር በተጻፈ ምክር ሳይሆን በራስ ደጅ በተደረገ ሙከራ ነው ማወቅ የሚቻለው። ይህ መመሪያ ለገበሬ፣ ለግብርና ባለሙያ፣ ለመምህርና ለተማሪ የተዘጋጀ ነው። ዓላማው ማሳ ማስተከል አይደለም፤ ገንዘብዎንና መሬትዎን ከማፍሰስዎ በፊት በ24 ባልዲ እውነቱን እንዲያውቁ ነው።

ምርምሩ እስካሁን ያስተማረን

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ ብሉቤሪ በሰሜን አሜሪካ ከጫካ የሚለቀም እንጂ በማሳ የሚለማ ፍሬ አልነበረም። ሰዎች ነቅለው በለም የጓሮ አፈር ሲተክሉት ይደርቅባቸው ነበር። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬድሪክ ኮቪል እ.ኤ.አ. በ1906 ሙከራ ጀምሮ በ1910 ውጤቱን አሳተመ። ተክሉን የሚገድለው የአፈር ድህነት ሳይሆን ኖራ የበዛበት «ጥሩ» አፈር እንደሆነ አሳየ። የኒው ጀርሲዋ ኤልሳቤጥ ኋይት ጽሑፉን አንብባ ተባበረችው፤ ፍሬ ለቃሚዎች ትልልቅ ፍሬ ያለውን የዱር ቁጥቋጦ ሲያመጡ ትከፍላቸው ነበር። በማሳ የለማው የመጀመሪያው ምርት እ.ኤ.አ. በ1916 ለገበያ ቀረበ።

ይህ አሠራር ለእኛም አዲስ አይደለም። የቡናን ፍሬ የሚያደርቀው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ሲገባ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በሽታው ያልነካቸውን እናት ዛፎች እየፈለጉ ዘር ሰበሰቡ፤ ፈተኑ፤ አወዳደሩ። ዛሬ ገበሬው 74110 እና 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው፤ 74 የሚለው የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974 ያመለክታል። መፈለግ፣ ጎን ለጎን ማወዳደር፣ መመዝገብ፤ ለብሉቤሪም መንገዱ ይኸው ነው።

ከምርምሩ አራት ነጥቦችን ይያዙ። አንደኛ፣ ተስማሚው የአፈር ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ4.5 እስከ 5.5 አካባቢ ነው። ሁለተኛ፣ የብሉቤሪ ሥር ቀጫጭንና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ሌሎች ተክሎች ውሃ የሚስቡበት ፀጉር መሰል ክፍልም የለውም። በዱር ሲበቅል ከሥሩ ጋር ተጣምሮ የሚኖር ፈንገስ ያግዘዋል። በደጋችን የሚበቅለው አስታ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ ኑሮውም ተመሳሳይ ነው። ሦስተኛ፣ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ጎን ለጎን ሆነው ሲዳቀሉ ፍሬው ይበዛል፤ ይተልቃልም። አራተኛ፣ ከሰሜን የመጣው ብሉቤሪ ብርድ ካላገኘ ከእንቅልፉ አይነቃም። ኮቪል ችግኞችን የአገሩን ብርዳማ ወቅት በሙሉ በሞቀ የመስታወት ቤት ውስጥ ቢያቆያቸው በጸደይ ውጭ እንደነበሩት አልለመለሙም።

ደረጃ 1፦ አፈርዎን ያስመርምሩ

ሥራውን በጥር፣ ደረቅ ሳለ ይጀምሩ። ካሰቡት ቦታ ላይ በዚግዛግ እየሄዱ ከአምስት ነጥቦች እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ይውሰዱ፤ በንጹሕ ባልዲ ደባልቀው ግማሽ ኪሎ ያህል በላስቲክ ያሽጉ። ከዚያው ጉድጓድ ከ20 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ካለው ጥልቀትም ሁለተኛ ናሙና ይያዙ። ቀኑን፣ ቦታውንና ጥልቀቱን ይጻፉበት። ላቦራቶሪውን ፒኤች፣ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ ካልሲየምና የአሉሚኒየም አሲድነት እንዲለካልዎ ይጠይቁ።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ናሙናውን ከእንሰቱ ሥር ወይም ከቤቱ አጠገብ አይውሰዱ። ለዓመታት የምድጃ አመድና የከብት ፍግ የተጣለበት ጓሮ ለእንሰትና ለጎመን ምርጥ ነው፤ አመድ ግን እንደ ኖራ አሲዱን ያረክሳል። በአንድ ግቢ ውስጥ የጓሮው አፈርና 50 ሜትር ርቆ ያለው የግጦሽ ጥግ ፒኤች በጣም ሊለያይ ይችላል። ሁለቱንም አስመርምረው ልዩነቱን ቢያዩት ጥሩ ትምህርት ነው።

ውጤቱ ከ4.5 እስከ 5.5 ከሆነ አፈሩን ሳይነኩ ወደ ሙከራው ይግቡ። ከ5.5 በላይ ከሆነ ድኝ ማስገባት ይቻላል፤ ድኙን ወደ አሲድ የሚለውጡት የአፈር ባክቴሪያዎች ስለሆኑ ግን ከመትከል ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት አስቀድሞ መግባት አለበት። መጠኑን ባለሙያ በምርመራው ውጤት ያስላልዎ። ከ4.2 በታች ከወረደ ደግሞ አሉሚኒየምና ማንጋኒዝ ሥሩን ሊጎዱ ስለሚችሉ ሌላ ቦታ መምረጥ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ብርድ የማይጠይቅ ዝርያ ይምረጡ

በሰሜን አሜሪካ የታወቁት የቀድሞዎቹ ዝርያዎች በዓመት ከ800 እስከ 1,000 ሰዓት ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ይህን ያህል ብርድ አይታሰብም። ስለዚህ «ብሉቤሪ ነው» የተባለን ችግኝ ሁሉ አይቀበሉ። መጀመሪያ ስሙን ይጠይቁ።

መፍትሔው የመጣው ከፍሎሪዳ ነው። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ራልፍ ሻርፕ ከ1950 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ጀምሮ የሰሜኑን ብሉቤሪ በፍሎሪዳ ዱር ከሚበቅለውና ቅጠሉ ከማይረግፈው ዘመዱ ጋር አዳቀለ። ሻርፕብሉ፣ ሚስቲ፣ ኤመራልድና ጁዌል የተባሉት ዝርያዎች የተገኙት በዚሁ መርሐ ግብር ነው። ቢሎክሲ የተባለውን ደግሞ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ለቀቁት። ቢሎክሲ በጣም ጥቂት ብርድ ስለሚበቃው በፔሩ ተስፋፋ፤ ፔሩም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዓለም ቀዳሚ የብሉቤሪ ላኪዎች አንዷ ሆነች። ጎረቤታችን ኬንያም ከፍተኛ በሆኑ አካባቢዎቿ ታለማዋለች።

ለሙከራዎ ሁለት ዝርያ ይምረጡ፤ አንዱ ቢሎክሲ ይሁን፣ ሌላው ከፍሎሪዳዎቹ አንዱ። ሁለት መሆናቸው ለማወዳደርም ለመዳቀልም ይጠቅማል። ከቦንጋ ከፍ ብለው በሚገኙት እንደ አዲዮና ጌሻ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች ወዳጅ ካለዎት ያንኑ ሙከራ በዚያም እንዲያካሂድ ያግባቡት፤ የከፍታው ልዩነት ራሱ የሚመልሰው ጥያቄ አለ።

ደረጃ 3፦ ችግኙን በሕጋዊ መንገድ ብቻ ያስገቡ

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ሁለት ሦስት ችግኝ ይዞ እንዲመጣ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። አያድርጉት። ዛይሌላ የሚባል ባክቴሪያ የብሉቤሪን ቅጠል ከጠርዙ ጀምሮ የሚያደርቅ በሽታ ያመጣል፤ ይኸው የባክቴሪያ ዝርያ በብራዚል የቡናን ቅጠልና ቅርንጫፍ የሚጎዳ በሽታ አምጥቷል። ካፋ የአረቢካ ቡና መገኛ ነው፤ ደኑን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ሌላ ቦታ የማይገኝ የዱር ቡና ሀብት ባለበት አገር በአንድ ሻንጣ ችግኝ ቁማር አይጫወቱም።

ስለዚህ ችግኙ ከመገዛቱ በፊት ከኢትዮጵያ ግብርና ባለስልጣን የማስገቢያ ፈቃድ ያውጡ፤ ሻጩም ከአገሩ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይላክ። ከተቻለ በቲሹ ካልቸር፣ በጠርሙስ ውስጥ ያደገ ችግኝ ይጠይቁ፤ አፈር ስለሌለው ተባይ ይዞ የመግባት ዕድሉ አነስተኛ ነው። የዝርያው አዳቃይ መብት የተጠበቀ መሆኑን፣ ማባዛት መፈቀዱንም በጽሑፍ ያረጋግጡ። ይህን ሁሉ ብቻዎን አይሸከሙት፤ የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከልን ወይም ቦንጋ ዩኒቨርሲቲን ያማክሩ። ማዕከሉ የቦንጋን በግ ከገበሬው ጋር ሆኖ በማሻሻል ሥራው የሚታወቅ ነው፤ ገበሬ በያዘው ሙከራ መሥራት ለእሱ እንግዳ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ሦስት ዓይነት አፈር ያዘጋጁ

ቀይ አፈራችን ጥልቅ ነው፤ ነገር ግን ሸክላነቱ ይበዛል። ዝናብ ሲመታው ይታፈናል። የብሉቤሪ ሥር ደግሞ አየር ካጣ ይበሰብሳል። ስለዚህ የሙከራዎ ዋና ጥያቄ «አሲዳማ ነው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ያህል መላላት አለበት?» የሚል ነው። 20 ሊትር የሚይዙ 24 ባልዲዎች ወይም የቀለም ቆርቆሮዎች ይሰብስቡ፤ በደንብ አጥበው ከሥራቸው ስምንት ስምንት ቀዳዳ ይብሱ።

አፈር «ሀ»፦ የተመረመረው ቀይ አፈር፣ ምንም ሳይቀላቀልበት። ይህ ማነጻጸሪያዎ ነው።

አፈር «ለ»፦ ግማሽ ቀይ አፈር፣ ግማሽ ያረጀ ሰጋቱራ።

አፈር «ሐ»፦ ሩብ ቀይ አፈር፣ ግማሽ ያረጀ ሰጋቱራ ወይም የተፈጨ የጥድ ቅርፊት፣ ሩብ ሻካራ አሸዋ።

ሰጋቱራው ከፈረንጅ ጥድ ቢሆን ይመረጣል፤ የባሕር ዛፍን ይተዉት። ቢያንስ ዝናብ የመታውና ቀለሙ የጠቆረ ይሁን። ትኩስ ሰጋቱራ ሲበሰብስ ናይትሮጂንን ከተክሉ ይሻማል። ፍግና አመድ አይጨምሩ። የቡና ገለፈትም ፖታሲየም ስለሚበዛበትና ፒኤቹን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል በዚህ ሙከራ ውስጥ አይግባ። ቀይ አፈሩንም ከደን አይቁፈሩ፤ ከራስዎ ይዞታ የሚወሰድ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ባልዲዎቹን በዕጣ ይደርድሩ

ሁለት ዝርያ በሦስት አፈር ስድስት ጥምረት ይሆናል። እያንዳንዱን አራት ጊዜ ይድገሙት፤ 24 ባልዲ ማለት ይህ ነው። ድግግሞሹ የግድ ነው፤ አንድ ችግኝ በአይጥ፣ በጥላ ወይም በዕድል ሊሞት ይችላል። አራቱም በአንድ አፈር ላይ ከከሱ ግን ነገሩ አፈሩ ነው።

ባልዲዎቹን ስድስት ስድስት አድርገው በአራት መስመር ይክፈሉ። በየመስመሩ ስድስቱም ጥምረት አንድ አንድ ጊዜ ይገኝ። የትኛው የት ይቀመጥ የሚለውን በወረቀት ዕጣ ይወስኑ፤ ዓይን የወደደውን ችግኝ ጥሩ ቦታ ላይ ማስቀመጥ የሙከራን ውጤት ያበላሻል። ቦታው ቢያንስ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ቡና ጥላ ይወዳል፤ ብሉቤሪ ፍሬ እንዲሰጥ ግን ብርሃን ይፈልጋል። ባልዲዎቹን በድንጋይ ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ውሃ ከሥራቸው ይውረድ።

ደረጃ 6፦ ይትከሉ፣ ያጠጡ፣ ይመግቡ

ዝናቡ ሲረጋ፣ በግንቦት ወይም በሰኔ ይትከሉ። ችግኙ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቀበር። ሥሩ በከረጢቱ ቅርጽ ከተጠቀለለ በጣት ቀስ ብለው ይፍቱት። ላዩን አራት ጣት ያህል ሰጋቱራ ወይም የጥድ ቅጠል ያጉዘጉዙ፤ ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ ክፍተት ይተዉ።

ዋናው ፈተና ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። ሥሩ ጥልቀት ስለሌለው ለጥቂት ቀናት መድረቅ እንኳ ይጎዳዋል። ሁለት ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ ያጠጡ፤ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ውሃ በበርሜል ያጠራቅሙ። አንዳንድ የጉድጓድና የምንጭ ውሃ የኖራ ጠባይ ስላለው ቀስ በቀስ ፒኤቹን ያነሳል፤ የዝናብ ውሃ ይህ ችግር የለበትም።

ችግኙ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ማዳበሪያ አይስጡ። ከዚያ በየስድስት ሳምንቱ ለአንድ ባልዲ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ግራም ገደማ፣ አሞኒየም ሰልፌት ከግንዱ ራቅ አድርገው በትነው ያጠጡት። ብሉቤሪ ናይትሮጂንን በአሞኒየም መልክ ይመርጣል፤ አሞኒየም ሰልፌት ደግሞ አፈሩን አሲዳማ አድርጎ ያቆያል። ካልሲየም ናይትሬትንና ክሎራይድ ያለበትን የፖታሲየም ማዳበሪያ ይራቁ። መጠኑን በእጥፍ ማሳደግ ዕድገትን አያፋጥንም፤ ጨዉ ሥሩን ያቃጥላል።

ደረጃ 7፦ ቅጠሉን ያንብቡ፣ ደብተር ይያዙ

በየወሩ በተወሰነ ቀን የእያንዳንዱን ባልዲ ቁመት፣ አዲስ የወጡ ቀንበጦችን ቁጥርና የቅጠሉን ቀለም ይመዝግቡ። ያበበበትንና ፍሬ የበሰለበትን ቀን፣ በኋላም የፍሬውን ክብደት ይጻፉ። የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር ከጎናቸው ይስቀሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ከየአፈሩ ዓይነት ፒኤች ያስለኩ።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ተክሉ ብረት አጥቷል። አፈራችን ቀይ የሆነው በውስጡ ባለው ብረት ነው፤ ግን ፒኤቹ ከፍ ካለ ብረቱ ይታሰርና ተክሉ በሞላ ጎተራ ይራባል። መፍትሔው ብረት መጨመር ሳይሆን ፒኤቹን ማስለካትና የውሃውን ምንጭ መፈተሽ ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ የሥር ብስባሽ ይጠርጥሩ፤ ሥሩን ያውጡና ቡናማና ልፍስፍስ መሆኑን ይዩ። የቅጠሉ ጠርዝ ከተቃጠለ ጨው ወይም ጥማት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ካልሆኑና እየተስፋፋ ከሄደ ግን ባልዲውን ለይተው ለዕፅዋት ጤና ባለሙያ ያሳዩ። የሞተውንም ይመዝግቡ። የሞተ ችግኝ የያዘው መልስ ከተረፈው አያንስም።

ደረጃ 8፦ አበባና ፍሬ

በመጀመሪያው ዓመት የሚወጣውን አበባ ይቀንጥቡ፤ ጉልበቱ ወደ ሥርና ወደ ቀንበጥ ይሂድ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ያብብ። የካፋ ሰው ቀፎ መስቀል አይነገረውም፤ የብሉቤሪ አበባ እንደ ትንሽ ደወል ወደ ታች የተደፋ ስለሆነ ንብ ሲመላለስበት ነው ፍሬው የሚሞላው። አበባው ላይ የተባይ መርዝ አይርጩ።

ፍሬው ከአበባ እስከ መብሰል ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። ሰማያዊ እንደሆነ አይልቀሙት፤ ከግንዱ ከተነጠለ በኋላ ጣፋጭነት አይጨምርም። ጥቂት ቀናት ይቆይ፤ እንጨቱ አጠገብ ያለው ቅላት ሲጠፋና በአውራ ጣት ሲነካ በቀላሉ ሲለቅ ደርሷል። ወፍና ጦጣ ከእርስዎ ቀድመው ያውቁታል፤ ፍሬው መቅላት ሲጀምር በመረብ ይሸፍኑት። በማለዳ ይልቀሙ፤ በጥላ ያቆዩ፤ ሰማያዊውን ፍሬ የሚያለብሰውን ነጭ ብናኝ አይጥረጉ፤ ከመድረቅ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ደረጃ 9፦ በሁለት ዓመት ደብተር ይወስኑ

ሁለት ዓመት ሲሞላ ደብተሩን ይክፈቱ። ለየጥምረቱ የአራቱን ባልዲዎች አማካይ ያውጡ። በየመስመሩም ሲያዩ ያው ጥምረት ደጋግሞ ከቀደመ ውጤቱን ያምኑታል፤ በአንድ መስመር ብቻ ከሆነ ግን የቦታው ነው።

ከሦስቱ መልሶች አንዱን ያገኛሉ። አፈር «ሀ» ላይ ያሉት እንደ ሌሎቹ ካደጉ ቀይ አፈራችን ብቻውን ይበቃል ማለት ነው። «ለ» ወይም «ሐ» በግልጽ ከበለጡ በመሬት ላይ ሲተከል ከፍ ያለ መደብና ብዙ ሰጋቱራ የግድ ነው፤ ወጪውን አስቀድመው ያስሉ። ቅጠሉ ለምልሞ አበባ ካልመጣ ወይም ፍሬው ከቀለለ ጥፋቱ የአፈር ላይሆን ይችላል፤ ሌላ ዝርያ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ይሞከር።

ውጤቱ ጥሩ ከሆነም ወደ ሄክታር አይሩጡ። ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ በተክሎች መካከል አንድ ሜትር፣ በመስመሮች መካከል ሁለት ሜትር ተኩል ትተው ሃምሳ ያህል ይትከሉ። ብሉቤሪ ሙሉ ምርት ለመስጠት ዓመታት ይፈልጋል፤ ያለ ማቀዝቀዣም ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው የሚቆየው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስቡት ገበያ የቦንጋና የጅማ ሆቴልና ቤተሰብ ይሁን።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሕግ አይጣስ፦ ለብሉቤሪ ተብሎ አንድም የደን ቡና አይነቀል፤ አንድም የጥላ ዛፍ አይቆረጥ። የካፋ ደን ለዓለም የሰጠው ፍሬ ገና ተመርምሮ አላለቀም። አዲሱ ፍሬ ቦታ ካገኘ፣ ከተጎዳ ግጦሽና አመድ ካልነካው ባዶ የጓሮ ጥግ ላይ ያግኘው። ደብተርዎን ኮፒ አድርገው ለምርምር ማዕከሉና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይስጡ፤ የተሳካውንም ያልተሳካውንም። ከእርስዎ በኋላ የሚሞክረው ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር ማድረግ የምርምር ትልቁ ፋይዳ ነው።